የጂላላ ዝንቦች

ሺንያንጋ ዙሪያ ባሉት መንደሮች ጂላላን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የሚያውቁት ግን በሥራው ሳይሆን በድምፁ ነው። መኸሩ ተሰብስቦ የማሽላው ጠላ ሲደርስ፣ ሁለቱ የጭፈራ ማኅበሮች ባጋሉና ባጊካ ሜዳ ወጥተው ይፋለማሉ፤ ብዙ ሕዝብ የከበበው ያሸንፋል። የባጊካ ዘፈን አውጪ ጂላላ ነበር። ረጅም፣ አንገቱ የተመዘዘ፣ ሲዘፍን ዓይኑን የሚጨፍን፣ ግን በተጨፈነ ዓይኑ ከሕዝቡ መሀል ማን ምን እንደለበሰ የሚያይ ሰው ነው። የባጋሉ አለቃ የሴት ልብስ ተበድሮ እንደመጣ አንድ ቀን አይቶ ያወጣበት ዘፈን ሰውየውን ለሁለት መኸር ከሜዳ አስቀርቶታል።

እርሻው ግን ሌላ ነገር ነው። ዶማ ሲይዝ እጁ ይደክማል፣ ወገቡ ይቆረጥማል፣ ጥማት ይይዘዋል። አረሙን የምትነቅለው፣ ስኳር ድንቹን የምትተክለው፣ ቆርጣ የምታደርቀውም ሚስቱ ምቡኬ ናት። ምቡኬ ነገር አታበዛም፤ ባሏን ትወደዋለች፤ ሲዘፍን ስትሰማ ሥራ እንዳልሠራ ትረሳለች፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ግን ትዝ ይላታል።

ጨርሶ የማትረሳው እናቷ ንጎሎ ናት። ንጎሎ ባሏ ሞቶባት ከብቱን፣ ቤቱንና ወንዶች ልጆቿን ራሷ የምታስተዳድር፣ ድምፅዋ ከበረት እስከ ወንዝ የሚሰማ ሴት ነበረች። በዚያ አገር አማትና አማች ፊት ለፊት አይተያዩም፤ ነውር ነው። መንገድ ላይ ቢገናኙ አንዱ ወደ ቁጥቋጦ ገባ ይላል። መነጋገር የግድ ከሆነ በሦስተኛ ሰው በኩል ነው። ሰው ከጠፋም ለተገኘው ፍጥረት ይነገራል። ንጎሎ ይህን ደንብ ታከብራለች፣ ግን አፏን አልዘጋላትም። ልጇን ለመጠየቅ ስትመጣ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጥና ለዶሮዋ ትናገራለች።

«አንቺ ዶሮ፣ ያ ሰውዬ ዘንድሮም አላረመም በይው። አንቺ እንኳ መሬቱን ትጭሪያለሽ።»

ጂላላም ከግድግዳው ማዶ ሆኖ ለዶሮዋ መልስ ይሰጣል፤ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ።

እንግሊዞቹ ጀርመኖቹን ተክተው ከገቡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ቀጭን ፈረንጅ ድንኳኑን ከጫካው ዳር ተከለ። ስሙን ለመጥራት ምላስ ይቸግር ስለነበር ሰዉ ብዋና ጎንበስ፣ ማለትም ጌታው ጎንበስ፣ አለው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ነው የሚውለው፤ ግንድ ይገለብጣል፣ አፈር በወንፊት ይነፋል፣ የዝንብ ኩብኩባ ይለቅማል። የመጣው ስለ ገንዲ፣ የጫካው ዝንብ በንድፊያው ስለሚያመጣው የከብት በሽታ ነው። ጫካው እየሰፋ፣ ዝንቡ እየተከተለ፣ ከብቱ እየከሳ ይሞት ነበርና፣ ንቴሚ የሚሉት ባላባት ማሳሉ ሕዝቡን በየበጋው አስወጥቶ ቁጥቋጦውን ያስመነጥር ነበር። ከጫካው ወዲህ ያለው ሰፊ ሜዳ በዚያ ምንጣሮ የተገኘ ነው፤ ከሜዳው ወዲህ ከብት በሰላም ይግጥ ጀመር። ብዋና ጎንበስ ሊያውቅ የፈለገው ዝንቡ ምን ያህል እንደሚሄድና ያን ሜዳ መሻገር ይችል እንደሆነ ነው።

ለዚህም ሰው ያስፈልገዋል። ሕዝቡን ከሮቃው ዛፍ ሥር ሰብስቦ በሰባራ ስዋሂሊው አስረዳ። ሁለት ሰዎች ጥቁር ጨርቅ በእንጨት ወጥረው ተሸክመው ጫካው ውስጥ ይሄዳሉ። ዝንብ ጥቁር ነገር ሲንቀሳቀስ ካየ ጎሽ መስሎት ይመጣል። ሌሎቹ በመረብ ይይዙታል። ከዚያ ጀርባው ላይ የቀለም ነጥብ ያደርጉበታል። ከዚያ ይለቁታል።

እስከ «ይይዙታል» ድረስ ሰዉ ደህና ይሰማ ነበር። «ይለቁታል» ሲል አንድ ሽማግሌ አጠገቡ ያለውን ሰው በትክክል ሰምቶ እንደሆነ ጠየቀው። ሌላው ፈረንጁ ቋንቋ ተሳስቶ «ይገድሉታል» ለማለት ነው አለ። ብዋና ጎንበስ ግን ደገመው፤ በእጁም እያሳየ፣ ዝንቧን ወደ ሰማይ ሸኛት።

ማንም አልተመዘገበም። ዝንቡ መንደፉ አልነበረም ያስፈራቸው። ዝንብ ይዞ፣ አስውቦ፣ ደህና ሁኚ ብሎ የሚለቅ ሰው በሚቀጥለው መኸር በባጋሉ ዘፈን ውስጥ የት እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። ዘፋኝን የማይፈራው ዘፋኙ ብቻ ስለነበረ ጂላላ ከተቀመጠበት ተነሳ። ከተነሳ በኋላ ምን እንደሚል አላሰበም ነበር፤ ግን ቆሞ ዝም ማለት አይሆንለትምና፣ ዶማ የማያስይዝ ሥራ ከሆነ የባጊካን ጎበዞች ይዤ እገባለሁ አለ። ፈረንጁ በደስታ እጁን ጨበጠው። ያን ማታ ምቡኬ ስትሰማ ለረጅም ጊዜ ገንፎውን ስታማስል ቆየችና፣ ለእናቷ ማን እንደሚነግራት ብቻ ጠየቀች።

ንጎሎ ከማንም ቀድማ ሰምታ ነበር። በማግስቱ መጣችና ዶሮዋን ፈልጋ አገኘቻት።

«አንቺ ዶሮ፣ ልጄን ለዝንብ እረኛ ነው የዳርኳት ለካ።»

የማይካደው ነገር ግን ጂላላ ሥራውን ማሳመሩ ነው። ለፈረንጁ የዝንብ ሥራ የሆነው ለጂላላ የጭፈራ ማኅበር ነበር። ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ፣ ማን ጨርቅ ተሸካሚ፣ ማን መረብ ያዥ፣ ማን ቀለም ቀቢ እንደሚሆን በቁመትና በጠባይ ደለደለ። ጨርቁን የሚሸከሙት እግራቸው እኩል እንዲነሳ ቀስ ያለ ዜማ አወጣላቸው። ብዋና ጎንበስ መጀመሪያ መዝፈኑን ከልክሎ ነበር፤ ሲከለክል ግን ሰልፉ ተዘባርቆ፣ ጨርቁ እሾህ ላይ እየተያዘ ስላስቸገረ ፈቀደ። ቀለሙ በየሰፈሩ ይለያያል፤ ከምዕራቡ ጫካ የተያዘች ዝንብ ቀይ፣ ከወንዙ ዳር የተያዘች ቢጫ፣ ከጉብታው ሥር የተያዘች ነጭ። የተቀባች ዝንብ ስትያዝ ከየት ተነስታ የት እንደደረሰች ይታወቃል። ጂላላ ቀለም መቀባቱን ለሌላ ሰው አልሰጠም። የሣር ጫፍ እያጠቀሰ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ አንዲት ነጥብ ጣል ሲያደርግ ለሙሽራ ጥለት የሚመርጥ ይመስል ነበር። ጓደኛው ሲታ አንድ ቀን፣ ቢጫው አያምርባትም፣ ቀዩን ብታደርግላት ምናለ ብሎት ከልቡ ተከራክረዋል።

ታዲያ ሰው ሥራ ሲያገኝ ልብስ ያምረዋል። ጥቁሩ ጨርቅ በእሾህ ሲቀደድ ብዋና ጎንበስ አዲስ እያስመጣ አሮጌውን ጣሉት ይል ነበር። ጂላላ አሮጌውን አልጣለውም። በጣም የተቀደደውን ሰብስቦ አስቀመጠ፤ ትንሽ የተቀደደውንም አስቀመጠ፤ በመጨረሻም ሊቀደድ ይችላል ብሎ የገመተውን ጨመረ። ይህን ሁሉ ይዞ ሺንያንጋ ገበያ ወዳለው ልብስ ሰፊ ሄደና ኮት አሰፋ። ኮቱ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ፣ ብርድ እንዳይገባው ሳይሆን ውፍረት እንዲኖረው ሁለት ድርብ የሆነ፣ ጥቁርነቱ ከሩቅ የሚጠራ ነበር። ምቡኬ ስታየው አንድ ዙር ዞራው፣ በጋ መሆኑን አስታወሰችው። ጂላላ ግን ሙቀቱ የኮቱ ክብር ነው አለ።

ኮቱን የሚያሳይበት ቀን ብዙ አልዘገየም፤ የምቡኬ ታናሽ ወንድም ሊያገባ ነበር። ሰርጉ በንጎሎ ቤት ነው። ጂላላ ያን ቀን ጠዋት ሥራውን ከጫካው ውስጥ ጨርሶ፣ ከግንድ ሥር ጠቅልሎ ያስቀመጠውን ኮት ለብሶ፣ ከዚያው ሳይመለስ በሜዳው አቋርጦ ወደ ሰርጉ ሄደ። ሲራመድ ያላብ ነበር፤ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚራመደው። መንደሩ ሲደርስ ሰዉ ዞር ብሎ አየው። ካለፈ በኋላም ጀርባውን ያዩና ይንሾካሾኩ ነበር። ጂላላ በኮቱ የኋላ ስፌት ኮራ።

አማቱ ካለችበት ቤት አይገባምና፣ ለእሱ የተዘጋጀው መቀመጫ ከበረቱ አጥር ጎን ነበር። ከአጥሩ ማዶ የቆመው የንጎሎ ኩራት፣ ማን-ነካኝ የሚሉት በሬ ነው። ቀንዱ የሰፋ፣ ሻኛው የተቆለለ፣ ሴትዮዋ ከልጆቿ ቀድማ በጠዋት ስሙን የምትጠራው በሬ። ጂላላ ጀርባውን ለበሬው ሰጥቶ ተቀመጠ። ጠላ ቀረበለት፣ ጠጣ፤ ተነስቶ ዘፈነ፣ ጨፈረ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ወደ ማታ ገደማ ምቡኬ ሥጋ ይዛለት መጥታ ጀርባውን ስታይ ቆም አለች። ሳህኑን አስቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ሁለት ሦስቴ ኮቱን መታችው።

«ምንድነው?» አላት።

«እንግዶች ይዘህ መጥተሃል» አለችው።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሰርጉም አማረ።

ከሰርጉ በኋላ ባለው ሳምንት ንጎሎ ማን-ነካኝን ስታሻሽ ከሆዱ ሥር አንዲት ዝንብ ተጣብቃ አየች። በመዳፏ መታቻት። ስታነሳት ከጀርባዋ ቀይ ነጥብ አለባት። ንጎሎ እንዲህ ያለ ነገር የሚጥል ሴት አይደለችም፤ ትንሽ ቅል ፈልጋ ዝንቧን ከተተችና በጥጥ ወተፈችው። ከዚያ ጊዜ እየሄደ የበሬው ጠጉር ይቆም ጀመር፤ ዓይኑ ያነባል፣ ሻኛው ጎበጠ፣ ሣር ፊቱ ተቀምጦ አሻግሮ ያያል። ገንዲ መሆኑን ለማወቅ አዋቂ አላስፈለገም። ከሜዳው ወዲህ ግን ገንዲ ከገባ ዘመን ሆኖታል። ንጎሎ ቅሏን አንጠልጥላ ወደ ንቴሚ ማሳሉ ሄደች።

ችሎቱ ከሮቃው ሥር ነበር። ንቴሚ ማሳሉ ወፍራምና የተረጋጋ ሰው ነው፤ ክስ ሲሰማ ዓይኑን ይከድናል፤ ተኝቷል ብለው ዝም ሲሉ «ቀጥል» ይላል። ከሳሽና ተከሳሽ መተያየት ስለማይገባቸው ንጎሎ ከዛፉ በስተምሥራቅ፣ ጂላላ በስተምዕራብ፣ ጀርባ ለጀርባ ግንዱን ተደግፈው ተቀመጡ። ሕዝቡ ሁለቱንም ለማየት እየዞረ አንድ ቦታ አልረጋ አለ።

«ጌታዬ» አለች ንጎሎ፣ «የኔ ከብት ጆሮው ላይ ምልክት አለው። ከብቴ የሰው ማሽላ ቢበላ፣ ምልክቱን ያያሉ፣ ወደ ማን ይመጣሉ?»

«ወደ አንቺ» አለ ንቴሚው።

«እኔ ምልክቱን ብቻ ነው ያደረግኩት፣ ማሽላውን እኔ አልበላሁም ብል?»

«አይሰማሽም።»

«እንግዲህ ይቺ ምልክት ያላት ዝንብ ናት» አለችና ቅሏን አቀረበች። «ባለቤቷን አላውቀውም። ዛፉን ጠይቁልኝ። ከጀርባዬ ያለ ሰው ካለ ዛፉ ያውቃል።»

ሳቁ ሲበርድ ንቴሚው ጂላላን ጠየቀው። ጂላላ ቅሉ ተከፍቶ ሲያዞሩለት ቀዩን ነጥብ ገና ሲያየው የራሱ እጅ መሆኑን አውቋል፤ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል የምትል ናት። ዝንቧ የፈረንጁ ሥራ ናት፣ እኔ ተቀጣሪ ነኝ ብሎ አጉተመተመ። ንቴሚውም ፈረንጁ ይጠራ አለ።

ብዋና ጎንበስ ሲሮጥ መጣ። ቅሉን ተቀብሎ ዝንቧን መዳፉ ላይ ገለበጣት፣ መነጽሩን አስጠጋ፣ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ፊቱ በርቶ ነበር።

«የት አገኘሽ አንተ?» አለ ለንጎሎ፣ በለመደው ሰባራ አነጋገሩ። «ከበሬ ላይ? እዚህ? ከሜዳው ወዲህ? እናቴ፣ አንተ በጣም ጥሩ ሴት ነህ።»

እጇንም ይዞ ያወዛውዘው ጀመር። ንጎሎ ክስ አቅርባ ምስጋና ስለተቀበለች ግራ ገብቷት እጇን መልሳ አላወጣችም። ፈረንጁ ከደስታው ብዛት ሊዘል ምንም አልቀረውም። ዝንብ ይህን ሜዳ ልትሻገር አትችልም ብለው የሚያምኑ ሰዎች በየቦታው አሉ፤ እነሆ ተሻገረች፤ ይህን የሰማ ሁሉ ይደነቃል አለ። ከዚያ በትር አንስቶ አፈሩ ላይ ይሥል ገባ። ዝንቧ ይህን ያህል የምትበር ከሆነ ሜዳው አይበቃም፤ ይህን ጉብታ መመንጠር ያስፈልጋል፣ ይህን ሸለቆ፣ ይህን ዱር። መስመሩን እየጎተተ ሄዶ ሄዶ ንቴሚ ማሳሉ ጠላ የሚጠጣበትን፣ አያቶቹ የተቀበሩበትን ዱር አልፎ ቆመ። መንደሩም ለጊዜው ከዚህ ተነስቶ እዚያ ማዶ ቢሰፍር ይሻላል አለ።

የንቴሚ ማሳሉ ዓይን ተከፈተ። ሰዎች ያን ዓይን ሙሉ ለሙሉ ተከፍቶ ያዩት ያኔ ነው ይላሉ። ሕዝቡም ሳቁን ተወ። አሁን ባለው ምንጣሮ እንኳ በጋው ሁሉ በመጥረቢያ ያልቃል፤ የተሣለውን መስመር ለመመንጠር የልጅ ልጅ ዕድሜም አይበቃም።

ጂላላ ከግንዱ ማዶ ሆኖ ይህን ሁሉ ሰማ። ሰርጉን አሰበ፤ የተንሾካሾኩትን ሰዎች አሰበ፤ የምቡኬን ነጠላ አሰበ። ዓይኑን ሲያነሳ ምቡኬ ከሴቶቹ መሀል ሆና አተኩራ ታየዋለች። ቀስ ብላ መጥታ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ትናገራለህ ወይስ እኔ ልናገር?» አለችው።

«እናትሽ እዚህ ሆና እንዴት ብዬ?»

«መናገር ያስቸገረህ ቀን አይቼ አላውቅም። ካቃተህ ዝፈነው።»

ጂላላ ተነስቶ ዓይኑን ጨፈነ፣ የዛፉን ግንድ በመዳፉ እንደ ከበሮ መታው፤ ንጎሎ በወዲያ በኩል ጀርባዋ ላይ ንዝረቱ ተሰማት። ባጋሉን ሲሰድብ በኖረበት ዜማ ራሱን ሰደበበት፦

ጥቁር ኮት አሰፍቶ ጂላላ ሲኮራ፣
ሰርግ ቤት ይዞ ገባ የዝንብ አጀብ ጭፍራ።
አማቱን አክብሮ በረት ዳር ቢቀመጥ፣
እንግዶች ወረዱ በሬውን ለመምጠጥ።
ሜዳውን በክንፉ ዝንብ መች ተሻገረ፣
በኮት ያሻገረው ጂላላ ነበረ።

በሰርጉ ቀን ጀርባውን ያዩት ሁሉ አንድ ላይ መሳቅ ጀመሩ፤ አንዱ ኮቱ የሚንቀሳቀስ ጥለት ያለው መስሎት እንደነበር ተናገረ። የባጊካ ጎበዞች ሳያስቡት ተቀባይ ሆነው የመጨረሻዋን ስንኝ ደጋገሙት። ንቴሚ ማሳሉ ሆዱ እየተንቀጠቀጠ ነገሩን ለፈረንጁ አስረዳው።

ብዋና ጎንበስ ግን አላመነም። ሕዝቡ ምንጣሮውን ጠልቶ የፈጠረው ብልሃት ነው ብሎ ጠረጠረ። ጂላላ ጨርቁን ስለመውሰዱ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ምናልባት ኮቱ ከእሱ ጨርቅ መሰፋቱን አላስተዋለ ይሆናል። ያለው አንድ ነገር ነው፤ ኮቱ ይምጣ፣ ነገ ጠዋት እናየዋለን።

በማግስቱ ጂላላ ኮቱን ለብሶ ከጫካው ሲወጣ፣ ብዋና ጎንበስ በአንድ ክንድ ርቀት ጎንበስ ብሎ ጀርባውን እያየ ይከተለዋል። ከፈረንጁ ኋላ ሲታና መረብ ያዦቹ፣ ከእነሱ ኋላ የመንደሩ ሰው በሙሉ። ጂላላ ያን ያህል ሕዝብ በየትኛውም መኸር አስከትሎ አያውቅም፤ ስለዚህ ኀፍረቱን ትንሽ ረስቶ አረማመዱን ያሳምር ጀመር። ፈረንጁ ብዙ አትወዛወዝ፣ ዝንቦቹ ይረበሻሉ ብሎ ገሠጸው። ከሜዳው መግቢያ ላይ አንዳንዶቹ ዝንቦች ተነስተው ወደ ጫካው ተመለሱ። ሌሎቹ ግን እንደ ተሳፋሪ ረጋ ብለው ተቀመጡ። ሜዳውን አለፉ፣ ወንዙን አለፉ፣ የንጎሎ በረት ደረሱ። ሲታ ከጀርባው ላይ አንድ በአንድ ሲለቅማቸው ከመሀላቸው ቢጫም ነጭም ነጥብ ያላቸው ነበሩ።

ብዋና ጎንበስ ከትናንቱ የበለጠ ተደሰተ። ዝንቧ ሜዳውን አትበርም፣ ተጭና ነው የምትሄደው፤ ይህ ከመብረሯ የሚበልጥ ግኝት ነው አለ። የጂላላንም እጅ ያወዛውዝ ያዘ። ጂላላ ለሲታ ዘወር ብሎ፣ ይህ ሰው ብትበርም ደስ ይለዋል፣ ባትበርም ደስ ይለዋል፣ እኔን ግን በሁለቱም በኩል ትነድፈኛለች አለው። ንጎሎ ከጎተራው ኋላ ተደብቃ ሁሉን አይታለች።

አፈሩ ላይ የተሣለው መስመር በዚያው ቀን በሰው እግር ተረጋግጦ ጠፋ፤ ስለ እሱም ዳግም የተነሳ የለም። የቀረው የንቴሚ ማሳሉ ፍርድ ነበር። ዝንቧ የፈረንጁ ናት፣ ኮቱ የጂላላ ነው፣ በሬው የንጎሎ ነው አለ። ፈረንጁ መድኃኒት ካለው ይስጥ። ጂላላ ደግሞ በሬው እስኪድን ወይም እስኪሞት ድረስ ሣር ያጭድለት፣ ውኃ ያጠጣው። ዶማ ካልወደድክ ማጭድ ሞክር አለው። ኮቱም ከጫካው ዳር በእንጨት ላይ ተሰቅሎ፣ ሙጫ ተቀብቶ ዝንብ ይያዝበት።

ፈረንጁ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ነበረው፤ በሬው ለጥቂት ጊዜ ቀና ብሎ ነበር። ጂላላ ጠዋት ዝንቡን፣ ከሰዓት በሬውን ይዞ ዋለ። መጀመሪያ ላይ እያጉረመረመ ያጭድ ነበር። ኋላ ግን፣ ማን-ነካኝ ሣሩን ሲተወው ከፊቱ ቁጭ ብሎ በእጁ ማጉረስ ጀመረ። በሬው ሲዘፈንለት ጥቂት ይበላል። ስለዚህ ያለ ከበሮ፣ ያለ ሕዝብ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ይዘፍንለት ነበር፤ ስለ ሻኛው፣ ስለ ቀንዱ፣ ድሮ ስላሸነፋቸው በሬዎች። ንጎሎ ከቤት ውስጥ ትሰማለች። አንድም ቀን ለዶሮ እንኳ ቃል አልተናገረችም።

ዝናቡ ሊገባ ሲል በሬው ሞተ። ጂላላ ማጭዱን ይዞ በረቱ ደጅ ላይ ቆሞ አለቀሰ፤ ያ ረጅም አንገቱ ተሰብሮ ሲያለቅስ ሰው አይቶት ሊስቅ አልደፈረም። ንጎሎ በቤቱ በር ውስጥ ሆና ወደ ግድግዳው ዞረች።

«አንተ ግድግዳ» አለች፣ «ለዚያ ልጅ ንገረው። እኔ ያበላሁት የበሬውን ሰውነት ነው። መጨረሻ ላይ ልቡን ያበላው እሱ ነው በለው። ይግባና ውኃ ይጠጣ፤ እኔ በጓሮ እወጣለሁ።»

ከዚያ በኋላ ነው ብዋና ጎንበስ አዲሱን ሥራ ያቋቋመው። ዝንብ በሰው ጀርባ የሚሻገር ከሆነ መንገደኛው ከጫካው ሲወጣ መራገፍ አለበት። መንገዱ ከጫካው በሚወጣበት ቦታ ዳስ ተሠራ፤ አለቃውም ጂላላ ሆነ። እጀታው የረዘመ የጎሽ ጭራ ተሰጠው። ያለፈ ሁሉ ይቆማል፣ ሸክሙን ያወርዳል፣ ጀርባውን ያዞራል፣ ይራገፋል፤ ነጋዴ ሆነ ሙሽራ፣ ብስክሌት ሆነ ፍየል። መጀመሪያ ሰዉ ተቆጣ። ጀርባዬን ለማንም አልሰጥም ያለ ሽማግሌ ነበር፤ ጂላላ ስለ እሱ ጀርባ አንድ ዘፈን አወጣና ሰውየው ከዚያ ወዲህ ከሩቁ ጀርባውን አዙሮ እየመጣ ነበር የሚራገፈው። ንቴሚ ማሳሉ ራሱ ሲያልፍ ቆሞ ይራገፋል፤ ጀርባው ሰፊ ስለሆነ ሁለት ሰው ያስፈልገዋል። ከዳሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ኮቱ በእንጨቱ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ ሲታ ከጂላላ ይልቅ ኮቱ ብዙ ዝንብ ይይዛል እያለ ይተርበዋል። እውነትም ነበር።

ንጎሎ የመጣችው ከዝናቡ በኋላ ነው። ከጫካው ማዶ ካለች እህቷ ቤት ስትመለስ መንገዱ በዳሱ አጠገብ ነው የሚያልፈው። ሲታ ከሩቅ አይቷት፣ አማትህ መጣች፣ ወደ ቁጥቋጦው ግባ አለው። ጂላላ ሊገባ ሲል ጭራው በእጁ መሆኑ ትዝ አለው፤ ጥሎት እንዳይሄድ ከንጎሎ ኋላ ሌላ መንገደኛ ይከተላል። እሷም ደረሰች። ቆማ ማሰቧ ታወቀ። ከዚያ ደንቡ ሁሉ በራሱ የተፈታ ይመስል፣ ሸክሟን አወረደችና ጀርባዋን አዞረች። ጂላላ እጀታውን እስከ መጨረሻው አስረዝሞ፣ እሱም ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ ጫፉን ብቻ አስነክቶ አራገፋት። ሁለቱም አልተያዩም፤ ማንም ሊነቅፍ አይችልም።

«አንተ ጭራ» አለች ንጎሎ፣ «ከትከሻዬ በስተግራ ደህና አድርገህ አራግፍ። ልጄ ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አለ ጂላላ። «ስኳር ድንቹ ዘንድሮ ጥሩ ነው በላት፣ ጭራዬ።»

«ማን አረመው?»

«ግማሹን እኔ» አለ ጂላላ።

ንጎሎ ሸክሟን አንስታ ሄደች። በሚቀጥለው ሳምንትም መጣች፤ ከዚያም በኋላ። እህቷ ያን ያህል ትናፍቃት እንደነበር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ምቡኬ እናቷን ይህን ያህል መመላለስ ምንድነው ብላ ስትጠይቃት፣ መንገዱ ዝንብ በዝቶበታል፣ ቶሎ ቶሎ መራገፍ ያስፈልጋል አለቻት። ብዋና ጎንበስ ወደ አገሩ ተመልሶ ሌላ ፈረንጅ ሲተካ፣ ዝንቡም እየሳሳ ሲሄድ፣ ዳሱ ግን አልፈረሰም። ጂላላ ጭራውን ይዞ ይቆማል፤ ንጎሎ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች። ከኋላ የተሰለፉት መንገደኞች፣ የዚያች ሴት ጀርባ ምን ያህል ዝንብ ቢኖርበት ነው እያሉ፣ ሸክማቸውን መሬት አድርገው ተራቸውን ይጠብቃሉ።